ጎዶሎ ወደ አንድ፣ ሙሉ ወደ ሁለት

ፍትሕ ወደዚያች ከተማ የገባችው መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሚኒባስ፣ በአቶ ቴዎፍሎስ ቦርሳ ውስጥ ሆና ነው። የከተማዋን ስም አልናገርም፤ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው መንገድ የሚነጣጠቁበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ እሷ ናት። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ታላቅ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ በከንቱ ሲነሳ አይወድም። የገበሬው የመሬት ደብተር የሚታደስበት፣ የጠፋው የሚተካበት፣ የሟቹ ወደ ወራሽ የሚዞርበት ቤት ነው ካልኋችሁ ይበቃል።

ከዚያ ቀን በፊት ቤቱ በጨለማ ይኖር ነበር። አዳራሹ ሁለት መስኮት አለው። በአንደኛው የሻሽወርቅ፣ በሁለተኛው አዛናው ይቀመጣሉ። ባለጉዳዩ በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ከሁለቱ አንዱ የያዘውን ሲጨርስ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቀጣይ» ይላል፤ ከፊት ያለው ሰው ይሄዳል። በቃ ይኸው ነበር። ሕግ የለ፣ መመሪያ የለ፣ ኮሚቴ የለ። ሰው ክፍት ወደ ሆነው መስኮት ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። እንዲህ ባለ ኋላ ቀር አሠራር ሕዝቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያጉረመርም መስተናገዱ፣ ገና ብዙ ማስተማር እንደሚቀረን ያሳያል።

አቶ ቴዎፍሎስ የቤቱ ኃላፊ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ «ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። የሻሽወርቅ ሰባት ጊዜ «ቀጣይ» ስትል ሰሙ። አዛናው አራት ጊዜ አለ። ልባቸው ተሰበረ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሥራ ነው ጌታዬ» አለ በር የሚጠብቀው አያ ትዕዛዙ።

«ሥራማ ሥራ ነው። ግን ለአንዷ ሰባት፣ ለአንዱ አራት። ፍትሕ የታለች?»

አያ ትዕዛዙ ግራ ቀኙን አየና «ዛሬስ አላየኋትም» አለ።

ኮሚቴው አራት ቀን ተሰበሰበ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው» ተባለ። «ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ተባለና ተጨበጨበ። ሎሚው ሃምሳ፣ ሰዎቹ ግን ሁለት ብቻ መሆናቸውን ያነሳ አልነበረም፤ ደግሞም ምሳሌ ላይ ጥያቄ አይነሳም። በአራተኛው ቀን መመሪያው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወደ አዳራሹ የሚገባ ሰውም ሆነ ወረቀት በር ላይ ቁጥር ሳይሰጠው አያልፍም። ጎዶሎ ቁጥር ወደ መስኮት አንድ፣ ሙሉ ቁጥር ወደ መስኮት ሁለት ይሄዳል። በአንቀጽ ሦስት መሠረት የአንዱን መስኮት ቁጥር ሌላው ቢነካ የቁጥር ስርቆት ነው። አንቀጽ አራትን አቶ ቴዎፍሎስ በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት፦ «ቁጥር ሰጪው የባለጉዳዩን ስምም ሆነ ጉዳይ እንዳያይ። ጉዳይ ማየት የአድልዎ መጀመሪያ ነው።»

ቁጥር ሰጪው አያ ትዕዛዙ ሆነ። ሠላሳ ዓመት በር ሲጠብቅ ከዱላ በስተቀር የረባ ሥልጣን ተሰጥቶት አያውቅም። ከብስኩት ካርቶን መቶ ሃያ ካርድ ቆርጦ ቁጥር ጻፈባቸው፤ መመሪያውንም እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘ። ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ «አንቀጽ አንድ» ብሎ ካርድ ይዘረጋ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሰው ብቻውን ቢሮ አይሄድም። ብቻውን የሄደ ወይ ከጎረቤቱ ተጣልቷል፣ ወይ ዘመድ የለውም፤ ሁለቱም ያሳፍራል። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳይ የሌለው ሰው ይዞ ይመጣል። ያ ሰው ምን ይሠራል? ዱላ ይይዛል፤ ባለጉዳዩ ሲናገር ራሱን ይነቀንቃል፤ የረሳውን ያስታውሰዋል፤ ሲመለሱ ደግሞ «ዛሬስ አፍህ ቀንቶታል» ይለዋል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ ባለጉዳዩ ከፊት፣ አጃቢው ከኋላ ነው። በር ሲደርሱም እንደዚያው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ኮሚቴው ግን አልገመተም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ቁጥር አንድ የደረሳቸው የኔታ ይሄይስ ናቸው። ከተራራው ሥር ካለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ጎረቤታቸው አያ ገብረሰንበት ቁጥር ሁለትን ተቀበለ። የኔታ ወደ የሻሽወርቅ መስኮት፣ አያ ገብረሰንበት ወደ አዛናው መስኮት ሄዱ።

«ደብተሩ በማን ስም ነው የኔታ?» አለች የሻሽወርቅ።

«በእኅቴ ባል ስም ነበረ ልጄ።»

«ነበረ ሲሉ?»

«ስሙን አይጥ በልቶታል። ፎቶው ግን አለ፤ ግማሽ ጢሙ።»

የሻሽወርቅ ተነሥታ የድሮ መዝገብ ፍለጋ ጓዳ ገባች። ከእኅትየውና ከባልየው ማን ቀድሞ እንደሞተ፣ በቃዳ የምትለካው ቁራሽ መሬት በማን ድንበር ውስጥ እንደሆነች፣ ምስክሮቹ በሕይወት አሉ ወይ፣ ይኼ ሁሉ መጣራት አለበት። እሷ ሥራ ስትይዝ እንደዚያ ናት፤ እስከ ሥሩ ነው የምትሄደው።

በመስኮት ሁለትም ሥራ ተጀምሯል።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው አባባ?» አለ አዛናው።

«ጉዳይ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ከየኔታ ጋር ነዋ።»

አዛናው ትንሽ አሰበ። ከዚያ «ተስተናግዷል» የሚለውን ማኅተም አንሥቶ ካርዱ ላይ ጠፍ አደረገው። «ይሂዱ እንግዲህ።»

«ወዴት?»

«ወደ የኔታ።»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋለ። ውርስ፣ ድንበር፣ የጠፋ ደብተር፣ ሁለት ሚስት ያለው ሟች፣ ሁሉም በጎዶሎ ቁጥር ወደ የሻሽወርቅ መጣ። ሙሉ ቁጥር ይዞ የመጣው ሁሉ ዱላ ይዞ ነበር። ማኅተም የተመታላቸው አጃቢዎች ደግሞ ተመልሰው ከባለጉዳዮቻቸው ጎን ይቆማሉ፤ የመስኮት አንድ ሰልፍ ግቢውን ዞሮ የቅጥሩ በር ደረሰ። በመስኮት ሁለት አዛናው በስልኩ ዳማ ይጫወታል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ልጅ አይደለም። ስምንት ሰዓት ላይ አፈረና ተነሣ።

«የሺዬ፣ ሁለት ሦስት ሰው ላንሣልሽ?»

«በሞቴ አንሣልኝ» አለች።

«አንቀጽ ሦስት» አለ አያ ትዕዛዙ ከበሩ። «የቁጥር ስርቆት።»

አዛናው ተቀመጠ።

ማታ ሪፖርቱ ተጠናቀረ። መስኮት ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት ሰው ተቀብሎ ሃምሳ ሁለቱንም አስተናግዷል። መስኮት አንድ፣ ሃምሳ ሁለት ሰው ተቀብሎ ስድስት አስተናግዷል። አቶ ቴዎፍሎስ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክፍፍሉ እኩል ነው፤ እኩልነት ደግሞ የማን ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ አጋለጠ። ሥልጠናው ላይ የተባለውም ይኸው ነበር።

በሚያዝያ የአዛናው ፎቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰቀለ። በግንቦት ከረባት ገዛ። የአካባቢው ሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ «የቅልጥፍናህ ምስጢር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «ባለጉዳይን በአክብሮት ማድመጥ፣ ነገር አለማብዛት» አለ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሲያመሰግኑት ይሽኮረመም ነበር፤ ሰው ግን ሃምሳ ጊዜ ከተመሰገነ አንድ ጊዜ ያምናል። በመጨረሻ «የሺዬ፣ አንቺ ችግርሽ መዝገብ ታበዢያለሽ» ብሎ መከራት።

የሻሽወርቅ ምሳ መብላት ተወች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች፤ የአይጥ ፍርፋሪ ከደብተር ላይ ስታራግፍ፣ ሽማግሌ ከሽማግሌ ስታስታርቅ ትውላለች፤ ማታ ቁጥሯ ሰባት ነው፣ ስምንት ነው። በግንቦት መጨረሻ አቶ ቴዎፍሎስ ቢሯቸው አስጠሯት። ጸሐፊያቸው ያምሮት በጎን በኩል ትተይባለች።

«ድክመትሽን ታውቂዋለሽ» አሉ።

«አቶ ቴዎፍሎስ፣ ወደ እኔ የሚመጡት ሁሉ እኮ ባለጉዳዮቹ ናቸው። ወደ አዛናው የሚሄዱት አጃቢዎቻቸው ናቸው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጠይቄያቸው ነዋ።»

አቶ ቴዎፍሎስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉዳያቸውን አየሽ ማለት ነው።»

«ሥራዬ ነው እኮ፣ ጉዳይ ማየት።»

«እሱ ነው ችግርሽ» አሉ በአዘኔታ። «አዛናው ሲያይ አይተሽ ታውቂያለሽ? አያይም። ስለዚህ ያስተናግዳል። እስከ ሰኔ ሠላሳ አዛናውን ካልደረስሽበት ወደ ዋንዛ በር ትዛወሪያለሽ። ያምሮት፣ ደብዳቤውን አሁኑኑ ተይቢው፤ ቀኑን ብቻ ክፍት ተዪው።»

ዋንዛ በር ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ቆላ ነው። መኪና እስከ አፋፉ ይወስዳል፤ ከዚያ ግማሽ ቀን በበቅሎ ነው። መብራት የለም። የሻሽወርቅን እንደ መርግ የተጫናት ይኼ መብራት የሚሉት ነገር ነው። እናቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ፤ መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከወር ደመወዟ እየቆጠበች በገዛቻት ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በቆላ ሙቀት ሁለት ሳምንትም አይቆይም።

በማግሥቱ ጠዋት መርፌውን ልትወጋቸው ስትል መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ለካችው።

«ምን ሆነሻል?» አሉ እማሆይ።

ነገረቻቸው።

«እንግዲያ እኔን እዚሁ ጥለሽኝ ሂጂ። የመንግሥት ነገር ነው።»

«ማን ይወጋዎታል?»

«እግዜር አለ።»

«እግዜር መርፌ አይወጋም እማ» አለችና አለቀሰች። እማሆይም «ምነው ቀድሞ በወሰደኝ» ብለው አብረዋት አለቀሱ፤ ከዚያ ሥራ እንዳይረፍድባት አባረሯት።

የዚያን ዕለት የኔታ ይሄይስ ለሰባተኛ ጊዜ መጡ። ጉዳያቸው አንድ ፊርማ ቀርቶት ነበር፤ ግን በየመጡበት ቀን ቁጥራቸው ሳይደርስ ይመሻል። ያን ቀን ደረሳቸው። ዓይኗን አዩና ጉዳያቸውን ተዉት።

«ያለቀሰ ሰው ጽሕፈት አይጽፍም። ምንድን ነው ልጄ?»

ስለ ቁጥሩም፣ ስለ ዋንዛ በርም፣ ስለ እናቷም ነገረቻቸው። የኔታ ወደ ግድግዳው ዞረው መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እስከ አንቀጽ አራት ድረስ ፊታቸው አልተለወጠም። አንቀጽ አራት ላይ ጢማቸውን ዳበሱ።

«እህ» አሉ። «ከጠመድሻቸው በሬዎች አንዱ ብቻውን ቢስብ፣ አንዱ ቢተኛ፣ ቀንበሩን ትሰብሪያለሽ?»

«አልሰብርም የኔታ።»

«ታዲያ?»

«የግራውን ወደ ቀኝ አዛውራለሁ።»

«እንዳልሽው ይሁን» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ፊርማቸውን እንኳ አልጠበቁም። የሻሽወርቅ ሽማግሌው ያጽናኗት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

በሰኔ ሦስተኛው ማክሰኞ ከዞን እንግዶች መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ እሌኒ ይባላሉ፤ ዝናው ዞን የደረሰውን መስኮት ሁለትን በዓይናቸው አይተው ተሞክሮውን ወደ ሌላ ሊያሰፉ ነው የመጡት። አዳራሹ በቄጠማ ተጎዘጎዘ። በአዛናው ስም የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት በመስተዋት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አያ ትዕዛዙ ካርዶቹን በአዲስ ማርከር አደመቃቸው።

ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቀው ሕዝብ መሐል የኔታ ይሄይስ ተነሡ።

«ወገኖቼ» አሉ። «ይህን ሁሉ መንገድ ለእኛ ብሎ የመጣ ሰው፣ የራሱ ጉዳይ ሳይኖረው እርሻውን የተወ ሰው፣ ምን ይባላል?»

«እንግዳ ነው እንጂ» አለ ሰው።

«እንግዳ ከኋላ ይገባል?»

«ኧረ አይገባም።»

«ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ከኋላችን ስናስገባው ኖርን። ነውር ነው። ዛሬ ይቅደም።»

ይህን የሚቃወም ሰው በምዕራብ ጎጃም አልተወለደም። በር ላይ «ይቅደም» «ኧረ አንተ ቅደም» «በእመቤቴ» «በሚካኤል» ሲባባሉ አንዱ ጥንድ ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ግን አጃቢ ሁሉ ቀደመ፤ ባለጉዳይ ሁሉ ተከተለ። አያ ትዕዛዙ ማንንም ሳያይ፣ ምንንም ሳይጠይቅ፣ እንደ ታዘዘው ቁጥር አደለ።

የሻሽወርቅ መዝገቧን ገልጣ ቁጥር አንድን ተቀበለች።

«ጉዳይዎ?»

«የለኝም እታለም። ከሰው ጋር ነኝ።»

ቁጥር ሦስትም ከሰው ጋር ነው። ቁጥር አምስትም። ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ በበሩ ወደ ውጭ አየች፤ የኔታ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው። የሻሽወርቅ መዝገቧን ዘጋች። ከመሳቢያዋ ሦስት ወር አቧራ የጠጣ ማኅተም አወጣች።

እንግዶቹ ግን ዓይናቸውን የተከሉት መስኮት ሁለት ላይ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ቁጥር ሁለትን ይዘው ቀረቡ። አዛናው ከረባቱን አስተካከለ፤ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ካርዳቸው ላይ «ተስተናግዷል» ጠፍ አደረገ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩና ተደነቁ።

«ምኑ ነው የተስተናገደው?» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ።

«ከማን ጋር ነው የመጡት እናቴ?»

«ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ። ወንዙ ነው።»

«ወንዙ ምን ሆነ?»

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጎረቤቴ።»

አዛናው እንግዶቹን አየ። እንግዶቹ እሱን አዩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንበር የነበረው ወንዝ አምና ክረምት ሞልቶ መንገዱን ቀየረ፤ የወይዘሮ ማሚቱ ግማሽ ቃዳ በማዶ ቀረች። ደብተሩ «እስከ ወንዙ» ይላል። ወንዙ ግን እዚያ የለም። አዛናው መዝገብ የሚቀመጥበትን ጓዳ ሊፈልግ ተነሣና ዕቃ ቤት ገባ፤ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ሁለተኛ ሄዶ መጸዳጃ ቤቱን ከፈተ። ከረባቱን ፈታ። ከኋላቸው ሙሉ ቁጥር የያዘው ሁሉ ፌስታሉን ፈትቶ የተበላ፣ የተቀደደ፣ የራሰ ደብተር ያወጣ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መስኮት አንድ አርባ ሦስት ሰው አስተናግዷል። መስኮት ሁለት አንድ ሰው፤ እሳቸውም ያለ አግባብ ማኅተም የተመታላቸው ወይዘሮ ማሚቱ ናቸው፣ ገና ከመስኮቱ አልተነሡም።

«ይቅርታ» አሉ ወይዘሮ እሌኒ፣ «ምሳሌ የሚሆነው መስኮት የትኛው ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አቶ ቴዎፍሎስ ግን አመራር ናቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ክብርት ሆይ፣ እውነተኛ ተሞክሮ ይኼ ነው። ደካማዋን ሠራተኛ መከርን፣ ገሠጽን፣ በደብዳቤ አስጠነቀቅን፤ ይኸው ፍሬዋን አዩ። ብርቱው ደግሞ ተኩራራ፣ ወደቀ። አሠራራችን ሁለቱንም ያለ ርኅራኄ አጋለጠ።» ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ከመስተዋቱ አወጡ፤ የአዛናውን ስም በነጭ ቀለም አጥፍተው፣ ነጩ ሲደርቅ «የሻሽወርቅ» ብለው ጻፉበት። ተጨበጨበ። የሻሽወርቅ ምንም ባልሠራችበት ቀን ተሸለመች፤ ሦስት ወር ስትሞትበት የዋለችው ሥራ ማስጠንቀቂያ ነበር ያስገኘላት። እጅ ነሥታ ተቀበለች። ሰኔ ሠላሳ አሁን አያስፈራትም ብላ ልቧ ትንሽ አረፈ።

«በተጨማሪም» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ፣ «እንዲህ ያለ ብቃት በአንድ ቦታ ተከማችቶ መቅረት የለበትም። ተሸላሚያችን ተሞክሮዋን እንድታካፍል ወደ ዋንዛ በር ትዛወራለች። ያምሮት፣ ቢሮ ሂጂና ደብዳቤውን አስተካክለሽ አምጪው።»

ደብዳቤው ያው ነው፤ የተቀየረው «በሥራ ድክመት ምክንያት» የሚለው ብቻ ሲሆን «በሥራ ብቃት ምክንያት» ተብሏል።

«አቶ ቴዎፍሎስ» አለች የሻሽወርቅ፣ «ብደክምም ዋንዛ በር፣ ብበረታም ዋንዛ በር ነው?»

«ፍትሕ ማለት እንግዲህ ይኼው ነው» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ። «አታዳላም።»

በዚህ ጊዜ በር ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አያ ገብረሰንበት ቁጥር ሰማንያ ሰባትን ተቀብሎ ገባ። ከኋላው የኔታ ይሄይስ እጃቸውን ለካርድ ዘረጉ። ያምሮት ደብዳቤውን ይዛ ከግቢው ማዶ ካለው ቢሮ እየሮጠች መጣች። የኔታ እጃቸውን መለሱ።

«ቅደሚ ልጄ። የመንግሥት ወረቀት አይዘገይም።»

ያምሮት ልትገባ ስትል አያ ትዕዛዙ ዱላውን በበሩ አጋደመ። «አንቀጽ አንድ። ሰውም ሆነ ወረቀት።»

«ኧረ እኔ ሠራተኛ ነኝ አያ ትዕዛዙ።»

«አንቺማ ሠራተኛ ነሽ፤ እለፊ። ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው።» ካርዱን በመርፌ ቁልፍ ደብዳቤው ላይ አያያዘ። ሰማንያ ስምንት። ሙሉ ነው። በገዛ እጁ ተሸክሞ ለመስኮት ሁለት ሰጠው።

አዛናው ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ሲፈልግ የዋለ ሰው ነው። ሰው ያልተከተለው፣ የማይናገር፣ ጢም የሌለው ወረቀት ሲመጣለት እግዜር የላከለት መሰለው። እንደ ልማዱ አላነበበውም። «ተስተናግዷል» ጠፍ አደረገ፤ ከታች «ዝውውሩን ተቀብያለሁ» ከሚለው ጎን ባዶ መስመር ነበረች፣ እሷ ላይም ፈረመ።

«ኧረ የእሷ ነው» ብለው አቶ ቴዎፍሎስ በአያ ትዕዛዙ ላይ ጮኹ። «ስሟ ተጽፎበታል፣ አታይም እንዴ አንተ ሰው?»

አያ ትዕዛዙ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አላየሁም ጌታዬ። ስም ማየት አድልዎ ነው።»

ወይዘሮ እሌኒ ደብዳቤውን አነሡ፤ ካርዱን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መመሪያ አዩ፣ ዘበኛውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ያጨበጭቡ ጀመር።

«ለገዛ ኃላፊው እንኳ የማያጎበድድ አሠራር በዞናችን አይቼ አላውቅም» አሉ። «እንኳን ደስ ያለዎት አቶ ቴዎፍሎስ። የፈረመው ይሂድ።»

አቶ ቴዎፍሎስ ሊቃወሙ እጃቸውን አነሡ። መመሪያውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ አንቀጽ አራትን በገዛ እጃቸው። ባነሡት እጅ አጨበጨቡ።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አለ አዛናው።

«መስኮት ሁለትስ?» ሲል ጠየቀ አያ ገብረሰንበት። ጉዳይ የለውም፤ ግን የተረሳ ነገር ማስታወስ የአጃቢ ሥራ ነው።

«እውነት ነው» አሉ ወይዘሮ እሌኒ። «ሰው እስኪመደብ ኃላፊው ይቀመጡበት።»

በቀጣዩ ማክሰኞ አቶ ቴዎፍሎስ መስኮት ሁለት ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ እንግዳ ማስቀደሙን ወዶት ልማድ አድርጎታል። ቁጥር ሁለት ወይዘሮ ማሚቱ ነበሩ፤ ወንዙ አልተመለሰም። ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ቴዎፍሎስ ኮታቸውን አወለቁ። አምስት ሰዓት ላይ አንገታቸውን ወደ መስኮት አንድ አሰገጉ።

«የሻሽወርቅ፣ እባክሽ ይቺን አንዲቷን አንሺልኝ።»

የሻሽወርቅ ልትነሣ ስትል ከበሩ ድምፅ መጣ። «አንቀጽ ሦስት።»

ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ አቶ ቴዎፍሎስ በአዲስ ግኝት ብቅ አሉ። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ርእሱ «ባለጉዳይ በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ እጁ ባዶ የሆነው ባለሙያ የሚጠራበት ዘመናዊ አሠራር» ይላል። ባሕር ዳር ወስደው አቀረቡት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታሰብ ቀረ ተብሎ ተገረመ። «የዓመቱ የፈጠራ አመራር» የሚል ዋንጫ ይዘው ተመለሱ። አዛናው ከዋንዛ በር በመጣ በቅሎ ነጂ እጅ መልእክት ልኳል፤ መብራት የለም፣ ሰዉ ግን ጉዳይ ይዞ ይመጣል፣ ማንበብ ጀምሬአለሁ ይላል። የእማሆይ መድኃኒት ማቀዝቀዣዋ ውስጥ እንዳለ ነው።

ለአዲሱ አሠራር ሥልጠና የግድ ነበርና የሻሽወርቅ ሦስት ቀን ሠለጠነች። አንደኛው ቀን ስለ አንገት አወጣጥ፣ ሁለተኛው ስለ ድምፅ አጠቃቀም ነበር። በሦስተኛው ቀን የተግባር ፈተና ተሰጠ። የኔታ ይሄይስ ግማሽ ጢም ያለበትን ደብተር ይዘው ከሰልፉ ፊት ቆመዋል፤ አያ ገብረሰንበት ዱላ ይዞ ከጎናቸው ነው። አቶ ቴዎፍሎስ የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዘው ከዳር ተቀምጠዋል።

የሻሽወርቅ አንገቷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ «ቀጣይ» አለች።

አቶ ቴዎፍሎስ ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ፦ ለጀማሪ ደህና ናት።